የዛፍ ሽበት (ላይከን) እንደ አየር ብክለት ጠቋሚ

በዕድሜ ጠገብ ዛፍ ግንድ፣ በአጥር ድንጋይ፣ በመቃብር ሐውልት ወይም በአሮጌ ግንብ ላይ ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ቀለም ያለው ልጥፍ ነገር ማየት የተለመደ ነው። በደጋማ ደኖች ደግሞ ከቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጺም ተንዠርጎ ይታያል። በልማድ «የዛፍ ሽበት» ወይም «የድንጋይ ሽበት» እየተባለ የሚጠራው ይህ ነገር አቧራም ሆነ የዛፍ በሽታ ሳይሆን ሕይወት ያለው አካል ነው። በሳይንሳዊ አጠራሩ ላይከን ይባላል።

ላይከኖች በቆሙበት ስፍራ ያለፈውን የብዙ ዓመት አየር በአካላቸው ላይ መዝግበው የሚያቆዩ በመሆናቸው፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ የአየር ብክለት ጠቋሚ ሆነው ሲያገለግሉ ቆይተዋል። ይህ ጽሑፍ ላይከን ለብክለት ስሱ የሆነበትን ምክንያት፣ ምልክቱ የሚነበብበትን መንገድና ንባቡ ሊያሳስት የሚችልባቸውን ሁኔታዎች ያስረዳል።

የላይከን ምንነት

ላይከን አንድ ፍጡር ቢመስልም በእርግጥ ቢያንስ የሁለት ፍጥረታት ማኅበር ነው። አንደኛው ፈንገስ ሲሆን፣ ሁለተኛው የፀሐይ ብርሃንን ተጠቅሞ ምግብ የሚያዘጋጅ አልጌ (ዋቅላሚ) ወይም ሳያኖባክቴሪያ ነው። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፤ እርጥበትን ይይዛል፤ ከድንጋዩ ወይም ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። አልጌው ደግሞ ለቤቱ ምግብ ያቀርባል። ይህን የሁለትዮሽ ኑሮ እ.ኤ.አ. በ1867 ይፋ ያደረገው ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሞን ሽቬንደነር ሲሆን፣ ሐሳቡ በዘመኑ የነበሩ አንጋፋ የላይከን ሊቃውንትን እጅግ አስቆጥቶ ነበር።

በዓለም ላይ እስካሁን የታወቁት የላይከን ዝርያዎች ከ15 ሺህ እስከ 20 ሺህ ይገመታሉ። ተማሪዎች በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ አሲድንና ቤዝን የሚለዩበት የሊትመስ ወረቀት ቀለም ከላይከን የሚገኝ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ይህ ፍጥረት ከአሲድ ጋር ያለው ትውውቅ ከቤተ ሙከራም አልፎ በመንገድ ዳር ዛፍ ላይ የሚታይ መሆኑን ከዚህ በታች እንመለከታለን።

በቅርጻቸው ላይከኖች በሦስት ይከፈላሉ። ልጥፍ የሚባሉት ከቅርፊቱ ወይም ከድንጋዩ ጋር ተዋሕደው እንደ ቀለም ቅብ የሚታዩት ናቸው። ቅጠልማ የሚባሉት ጠርዛቸው ከግንዱ ትንሽ ተነሥቶ እንደ ተጨማደደ ቅጠል የተዘረጉት ናቸው። ሦስተኞቹ ጺም መሰል ወይም ቁጥቋጦማ ሲሆኑ፣ በአንድ ነጥብ ብቻ ተይዘው ወደ ውጭ የሚያድጉ ወይም የሚንጠለጠሉ ናቸው። ይህ አከፋፈል በኋላ ለሚመጣው ነገር ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ ልብ እንዲለው ያስፈልጋል።

በቡናና በፍራፍሬ ልማት ላይ የተሰማሩ አንዳንድ አርሶ አደሮች ላይከን ዛፉን መጥምጦ የሚያደርቅ ጥገኛ ይመስላቸውና ፍቀው ሲያስወግዱት ይታያል። ላይከን ግን ከዛፉ ምግብ አይወስድም፤ ዛፉ ለእርሱ መቆሚያ ብቻ ነው። በደከመ ወይም በሚደርቅ ቅርንጫፍ ላይ በርከት ብሎ የሚገኘው ቅጠሉ ስለ ሳሳና ብርሃን ስለሚያገኝ እንጂ ቅርንጫፉን ያደረቀው እርሱ ሆኖ አይደለም። ምክንያቱና ውጤቱ እዚህ ላይ ተገለባብጦ ይታያል።

ላይከን አየሩን የሚመዘግብበት ምክንያት

ዛፍ ውኃና ማዕድን ከአፈር በሥሩ ይስባል። ቅጠሉ ሰም በመሰለ ሽፋን የተጠበቀ ሲሆን፣ አየር የሚያስገባባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንደ ሁኔታው ይከፍታል፣ ይዘጋል። ላይከን ከእነዚህ አንዱም የለውም። ሥር የለውም፤ የሰም ሽፋን የለውም፤ የሚዘጋ ቀዳዳም የለውም። የሚያስፈልገውን ውኃና ማዕድን በሙሉ ማለት ይቻላል ከዝናብ፣ ከጤዛ፣ ከጉምና ከአየር ላይ ብናኝ በመላ አካሉ እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። በአየሩ ውስጥ ጎጂ ነገር ካለ እርሱንም አብሮ ይመጥጣል፤ መርጦ መተው አይችልም።

በዚህ ላይ እድገቱ እጅግ አዝጋሚ ነው። ብዙዎቹ ልጥፍ ላይከኖች በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አያድጉም። ቅጠሉን በየዓመቱ የሚያራግፍ ዛፍ ያከማቸውን መርዝ በከፊል ከቅጠሉ ጋር ይጥለዋል። ላይከን ግን አሮጌውን አካሉን ይዞ ለአሥርት ዓመታት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ስለሚኖር የሚጥለው ነገር የለም።

ላይከን ሲደርቅ ሥራውን አቁሞ እንቅልፍ መሰል ዕረፍት ውስጥ ይገባል፤ ሲርስ በደቂቃዎች ውስጥ ይነቃል። በደረቀበት ጊዜ ብክለትን በእጅጉ ይቋቋማል፤ የሚጎዳው ርሶ በሚሠራበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በካይ ጋዝ በብዛት መኖሩ ብቻ ሳይሆን፣ ጋዙ የሚመጣው ላይከኑ እርጥብ በሆነበት ሰዓት መሆን አለመሆኑም ጉዳቱን ይወስነዋል።

ከበካዮች ሁሉ በላይከን ላይ ያደረሰው ጉዳት በሰፊው የተጠናው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ድኝ ያለበት የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ሲቃጠል ይወጣል። በላይከኑ አካል ላይ ባለው እርጥበት ሲሟሟ አሲድ ይፈጥራል። አሲዱም የአልጌውን አረንጓዴ ቀለም፣ ማለትም ክሎሮፊሉን ያበላሻል፤ የሕዋሶቹንም ሽፋን ስለሚጎዳ በውስጣቸው ያለው ማዕድን እንዲፈስ ያደርጋል። አልጌው ሲዳከም ምግብ ይቋረጣል፤ ፈንገሱም ብቻውን መኖር ስለማይችል ማኅበሩ ይፈርሳል።

የጉዳቱ መጠን ግን በዝርያው ይለያያል። ጺም መሰሎቹ ከአካላቸው ብዛት አንጻር ለአየር የተጋለጠው ገጻቸው ሰፊ ስለሆነ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚጠፉት እነርሱ ናቸው። ቅጠልማዎቹ ይከተላሉ። ልጥፎቹ በጥቅሉ ሲታይ የተሻለ ይቋቋማሉ። ከአልጌ ይልቅ ሳያኖባክቴሪያን የያዙ ላይከኖች ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ስሱ ናቸው። በአውሮፓ የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር በተደረገው የድንበር ተሻጋሪ አየር ብክለት ስምምነት መሠረት የተቀመጠው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ የጉዳት መነሻ መጠን ይህን ያሳያል። ለሰብል በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 30 ማይክሮግራም፣ ለደን 20 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ሳያኖባክቴሪያ ላላቸው ላይከኖች ግን 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ሰብሉም ደኑም ምንም ሳይሆኑ ላይከኑ አስቀድሞ ይታመማል።

ከማንቸስተር እስከ ለንደን

የኢንዱስትሪ አብዮት የድንጋይ ከሰል ጭስ በእንግሊዝ ከተሞች ላይ ሲጋረድ፣ የዕፅዋት ተመልካቾች አንድ ነገር ማስተዋል ጀመሩ። ሊዮ ግሪንደን እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ማንቸስተር አካባቢ ዕፅዋት ባሳተመው መጽሐፍ ላይከኖች እየቀነሱ መምጣታቸውን ገልጾ፣ ለዚህም የጥንት ደኖችን መቆረጥና የፋብሪካ ጭስን በምክንያትነት ጠቅሷል።

ነገሩን በግልጽ ወደ መለኪያነት ያቀረበው በፓሪስ ይኖር የነበረው ፊንላንዳዊ ዊልያም ኒላንደር ነው። ኒላንደር እ.ኤ.አ. በ1866 በፓሪስ የሉክሰምበርግ የአትክልት ሥፍራ ውስጥ ያገኛቸውን ላይከኖች መዝግቦ፣ በሌላው የከተማዋ ክፍል የማይገኙ ዝርያዎች እዚያ መኖራቸው የአየሩን ጤናማነት እንደሚያመለክት ጻፈ። ላይከንን የአየር ጤና መለኪያ ያለው እርሱ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ስለዚያው ሥፍራ ሲጽፍ ላይከኖቹ ጠፍተው ነበር። የሚገርመው ኒላንደር የሽቬንደነርን የሁለትዮሽ ኑሮ ሐሳብ እስከ መጨረሻው ሳይቀበለው ቀርቷል። መለኪያው በትክክል መሥራቱን አየ፤ መለኪያው ከምን እንደ ተሠራ ግን አልተቀበለም።

ስዊድናዊው ሩትገር ሴርናንደር እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ ስቶክሆልም ሲጽፍ ከተማዋን በቀለበት ከፋፈላት። መሐሏ ላይ ላይከን የሌለበት «የላይከን በረሓ»፣ ቀጥሎ ላይከኖች ከብክለቱ ጋር የሚታገሉበት ክልል፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ መደበኛው ክልል ይገኛል። ይህ አከፋፈል በኋላ በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ካርታ ላይ ተደግሞ ታይቷል።

እስከዚህ ድረስ የነበረው ጠቅላላ ምልከታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ግን ዴቪድ ሆክስዎርዝና ፍራንሲስ ሮዝ የተባሉ እንግሊዛውያን «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ለእንግሊዝና ለዌልስ የሚያገለግል የደረጃ ሠንጠረዥ አወጡ። ሠንጠረዡ ከ0 እስከ 10 የሚደርሱ ክልሎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክልል በግንድ ላይ በሚገኙ ዝርያዎች ይታወቃል፤ ከክረምቱ አማካይ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ መጠን ጋርም ይዛመዳል። በታችኛው ጫፍ፣ በአንድ ሜትር ኩብ ከ170 ማይክሮግራም በላይ ባለበት አየር፣ ግንዱ ሥር ላይ አረንጓዴ የአልጌ ሽፋን ብቻ ይታያል። መጠኑ እየቀነሰ ሲሄድ አስቀድሞ ልጥፎቹ፣ ከዚያም ቅጠልማዎቹ፣ በመጨረሻም ጺም መሰሎቹ ይመጣሉ። ስለዚህ ዝርያዎችን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ያለ ምንም መሣሪያ በአንድ ሰፈር ያለውን የሰልፈር ዳይኦክሳይድ መጠን በግምት ማስቀመጥ ቻለ።

የዚህ ዘዴ ታማኝነት የተፈተነው ግን አየሩ ሲጠራ ነው። ለንደን እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 5 እስከ 9 ቀን 1952 በጭስ ጭጋግ ታፍና በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎቿን አጥታለች። ይህ አደጋ እ.ኤ.አ. በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ እንዲወጣ ምክንያት ሆነ። በቀጣዮቹ ዓመታት ቤቶች ከድንጋይ ከሰል ሲላቀቁና በከተማ መሐል የነበሩ የኃይል ማመንጫዎች ሲዘጉ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ መጠን በእጅጉ ወረደ። ሮዝና ሆክስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1981 እንደ ዘገቡት፣ ለረጅም ጊዜ ጠፍተው የነበሩ ዝርያዎች ወደ ለንደን ተመልሰው መታየት ጀመሩ።

በተቃራኒው ሌካኖራ ኮኒዜኦይደስ የተባለ ግራጫ አረንጓዴ ልጥፍ ላይከን አለ። ይህ ዝርያ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት እምብዛም የማይታወቅ ሲሆን፣ ሌሎች በሚሞቱበት ጭስ ውስጥ ተስፋፍቶ የእንግሊዝን የከተማ ዛፎች ወርሶ ነበር። ጭሱ ሲጠፋ እርሱም አብሮ ማፈግፈግ ያዘ፤ ዛሬ ቀድሞ በበዛባቸው ስፍራዎች ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። አንድን ዝርያ በማየት ብቻ «ላይከን አለና አየሩ ደህና ነው» ማለት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መመለሱም እንደ መጥፋቱ ፈጣን አይደለም። ለዓመታት አሲድ የጠገበ ቅርፊት ቶሎ አይለወጥም። የላይከን ዘር የሚሆኑት ብናኞችም ከሩቅ በነፋስ መምጣት አለባቸው። በአሮጌ ደኖች ብቻ የሚኖሩ ዝርያዎች አየሩ ቢጠራም ላይመለሱ ይችላሉ። በዚህም የተነሣ ላይከን አየር መበላሸቱን ቶሎ ይናገራል፤ መሻሻሉን ግን ዘግይቶ ነው የሚናገረው።

የላይከን መብዛት ሁልጊዜ መልካም ዜና አለመሆኑ

ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በምዕራብ አውሮፓ ከቀነሰ በኋላ ተመራማሪዎች የጠበቁት የጥንቱ ዓይነት የላይከን ሽፋን ይመለሳል የሚል ነበር። በብዙ ስፍራ የመጣው ግን ሌላ ነው። ዛንቶሪያ ፓሪየቲና የተባለው ብሩህ ቢጫ ላይከንና የቅርብ ጎረቤቶቹ ግንዶችንና ቅርንጫፎችን አለበሱ። እነዚህ ናይትሮጅን ወዳድ ናቸው። ብዛታቸው የከብትና የዶሮ እርባታ ከሚያወጣው አሞኒያ፣ እንዲሁም ከተሽከርካሪ ከሚወጡ የናይትሮጅን ጋዞች ጋር የተያያዘ ነው። አሞኒያ የቅርፊቱን አሲድነት ስለሚቀንስ አሲዳማ ቅርፊት የሚወዱት ነባር ዝርያዎች ቦታቸውን ይለቃሉ።

ከብት በብዛት በምታረባው በኔዘርላንድስ ላይከኖች የአሞኒያን ስርጭት በካርታ ለማስቀመጥ ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። የአሞኒያ የጉዳት መነሻ መጠንም የተወሰነው ላይከኖችን በማየት ነው። ለሌሎች ዕፅዋት በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ 3 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ላይከኖች ላሉበት ሥነ ምህዳር 1 ማይክሮግራም ነው።

እዚህ ላይ በመማሪያ ጽሑፎች ሳይቀር የሚደጋገም አንድ አባባል ማረም ተገቢ ይሆናል። «ላይከን ባለበት አየሩ ንጹሕ ነው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ትክክለኛው ጥያቄ የትኛው ላይከን አለ፣ የትኛውስ ጠፋ የሚለው ነው። በቢጫ ላይከን የተሸፈነ ዛፍ ለዓይን ያማረ ቢሆንም የናይትሮጅን ብክለት ምስክር ሊሆን ይችላል።

መጥፋቱም ቢሆን ሁልጊዜ በብክለት ምክንያት አይደለም። ዛፉ ወጣት ሊሆን ይችላል፤ ቅርፊቱ የሚላጥ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ጥላው ሊከብድ፣ ሰፈሩ ሊደርቅ፣ በአቅራቢያው የነበረው ደን ተመንጥሮ የዘር ምንጩ ሊጠፋ ይችላል። ግሪንደን ከጭሱ ጋር የዛፎችን መቆረጥ አብሮ መጥቀሱ በዚህ ረገድ አስተዋይነቱን ያሳያል።

በአካሉ ውስጥ የተከማቸው

ዝርያን ቆጥሮ ከመገመት ሌላ የላይከኑን አካል በቤተ ሙከራ መመርመር ይቻላል። ላይከን እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ዚንክና ሌሎች ብረታ ብረቶችን፣ እንዲሁም ድኝንና ናይትሮጅንን በአካሉ ያከማቻል። ከፋብሪካ በተለያየ ርቀት የተሰበሰቡ ናሙናዎች ሲመረመሩ ብክለቱ በየት አቅጣጫና ምን ያህል እንደ ተጓዘ ያሳያሉ። ላይከን በጠፋበት ከተማ ደግሞ ከንጹሕ ስፍራ የተወሰደ ላይከን ከነቅርንጫፉ ወይም በመረብ ከረጢት ተሰቅሎ ለተወሰኑ ወራት ከቆየ በኋላ ይመረመራል።

የዚህ ማከማቸት ኃይል በሰው ማዕድ ላይ የታየው ከቼርኖቤል አደጋ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1986 የኑክሌር ማብላያው ሲፈነዳ ወደ ሰሜን የተነዳው ሲዚየም 137 በስካንዲኔቪያ ከዝናብና ከበረዶ ጋር ወረደ። በዚያ ምድር ላይ ሰፊውን ቦታ የሚሸፍነው ላይከን የወረደበትን ሁሉ መጠጠ። ሬንዲር የተባሉት የበረሓ በረዶ አጋዘኖች በክረምት የሚመገቡት በአብዛኛው ላይከን ነው። የሳሚ ሕዝብ ኑሮው በእነዚህ እንስሳት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ በስዊድንና በኖርዌይ የብዙ ሬንዲሮች ሥጋ ለምግብ እንዳይውል ተደረገ። የሲዚየም 137 ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ገደማ ስለሆነ ቁጥጥሩ ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ።

ከሰው ጤና ጋር ያለውን ዝምድና በተመለከተ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው በሰሜን ጣሊያን፣ በቬኔቶ ክልል የተደረገው ጥናት ነው። ቺስላጊና ኒሚስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 በ«ኔቸር» ባወጡት ጽሑፍ ከ600 በላይ በሆኑ ነጥቦች የተመዘገበን የላይከን ብዝኃነት በሳንባ ካንሰር ከሞቱ የክልሉ ተወላጅ ወንዶች መረጃ ጋር አነጻጸሩ። የላይከን ብዝኃነት ባነሰበት አካባቢ ሞቱ ከፍ ብሎ ተገኘ። እንዲህ ያለው ጥናት የሁለት ነገሮችን አብሮ መከሰት የሚያሳይ እንጂ የአንድን ሰው ሕመም ምክንያት የሚያረጋግጥ አይደለም። ሆኖም ዛፉንና ሰውን የሚያገናኛቸው የሚተነፍሱት አንድ አየር መሆኑን በካርታ ላይ አሳይቷል።

ወደ ኢትዮጵያ ሁኔታ ሲመጣ

በአገራችን ደጋማ ደኖች ላይከን ሞልቷል። በባሌ ተራሮች በሐረና ደን፣ እንዲሁም በሰሜን ተራሮች አስታና ኮሶ ላይ የሚንጠለጠለው ኡስኒያ የተባለው ጺም መሰል ላይከን ለተጓዥ ሁሉ የሚታይ ነው። ከፍ ብሎ እንደ ተገለጸው ጺም መሰሎቹ ለሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይበልጥ ስሱ ከሆኑት ወገን ናቸው። እነዚህ ደኖች ወደፊት ለሚደረግ ማንኛውም ንጽጽር መነሻ ሆነው ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ለእንግሊዝ የተሠራውን ሠንጠረዥ አምጥቶ በአዲስ አበባ ዛፎች ላይ ማንበብ ትክክል አይሆንም። ዝርያዎቹ የተለያዩ ናቸው፤ የቅርፊቱ ዓይነት ይለያያል፤ ብክለቱም ያው አይደለም። በከተሞቻችን ዋነኛው ችግር የድንጋይ ከሰል ጭስ ሳይሆን ከተሽከርካሪ፣ ከማገዶና ከከሰል ምድጃ፣ ከቆሻሻ ቃጠሎና ከመንገድ አቧራ የሚነሣ ደቃቅ ብናኝ ነው። ለዚህ ብናኝ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያስቀመጠው የዓመት አማካይ ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ሲሆን፣ መጠኑን በቁጥር ለማወቅ መሣሪያ የግድ ያስፈልጋል። ላይከን መሣሪያን አይተካም። የሚጠቅመው መሣሪያው በሌለበት ሰፊ ቦታ ላይ ልዩነትን ለማሳየትና ውዱን መሣሪያ የት መትከል እንደሚሻል ለመጠቆም ነው።

የመንገድና የሲሚንቶ አቧራ የራሱ ተንኮል አለው። ኖራነት ያለው አቧራ ልክ እንደ አሞኒያ የቅርፊቱን አሲድነት ስለሚቀንስ ቢጫ ላይከኖችን ሊያበረታታ ይችላል። ስለዚህ በጠጠር መንገድ ዳር ያለ ቢጫ ግንድ ስለ ጋዝ ሳይሆን ስለ አቧራ የሚናገር ሊሆን ይችላል።

የወቅቱም ነገር አለ። በበጋ ላይከን አብዛኛውን ቀን ደርቆ ይውላል፤ የሚነቃው ጤዛ ባለበት ማለዳ ላይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ወደ ምድር ተጠግቶ የምድጃና የተሽከርካሪ ጭስ ሳይበተን የሚቆየውም በዚያው ሰዓት ነው። በዝናቡ ወራት ደግሞ ላይከኑ ውሎ ያድራል እርጥብ ሆኖ፤ አየሩን ግን ዝናቡ ያጥበዋል። በአራት ወቅት አገር የተገኘ ውጤት በቀጥታ ሊገለበጥ የማይችልበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ዛፍን በተመለከተ በከተማና በዙሪያዋ በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ለዚህ ሥራ አይመችም። አብዛኛው ዓይነት ቅርፊቱን እየላጠ ስለሚጥል ላይከኑ ሳያድግ አብሮ ይወድቃል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና የመሳሰሉት ነባር ዛፎች ይሻላሉ። የቤተ ክርስቲያን ቅጽሮች እነዚህን ዛፎች በዕድሜ ጠግበው ስላቆዩ፣ ኒላንደር በፓሪስ የአትክልት ሥፍራ እንዳደረገው ሁሉ በከተማ ውስጥ ለምልከታ የተመቹ ስፍራዎች ናቸው።

ምልከታን በሥርዓት ማካሄድ

የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2014 በዛፍ ግንድ ላይ ያለን የላይከን ብዝኃነት ለመመዝገብ የጋራ ደረጃ አውጥተዋል። ዘዴው ቀላልና በትምህርት ቤቶች የተፈጥሮ ክበባት ሊሠራበት የሚችል ነው። ከሽቦ ወይም ከቀጭን እንጨት ስፋቱ 10 ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ መሰላል መሰል ማዕቀፍ ይሠራል፤ ይህም እያንዳንዱ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ አምስት አራት ማዕዘን ይከፈላል። የማዕቀፉ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ከግንዱ ጋር ይያያዛል። በሰሜን፣ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ጎኖች በየተራ ይሠራል። በእያንዳንዱ ጎን አንድ ዝርያ ከአምስቱ ማዕዘኖች በስንቱ ውስጥ እንደ ተገኘ ይጻፋል።

ለምሳሌ በምሥራቁ ጎን አንድ ቅጠልማ ዝርያ በሦስት ማዕዘኖች፣ አንድ ልጥፍ ዝርያ ደግሞ በአራት ማዕዘኖች ቢገኝ የምሥራቁ ድምር 7 ይሆናል። በአንድ ስፍራ ከተመረጡት ዛፎች ሁሉ የየጎኑ ድምር አማካይ ይወሰድና አራቱ አማካዮች ይደመራሉ። ይህ የስፍራው የላይከን ብዝኃነት ዋጋ ነው። የዝርያውን ሳይንሳዊ ስም አለማወቅ ሥራውን አያግደውም፤ «ግራጫ ቅጠልማ ሀ»፣ «ቢጫ ልጥፍ ለ» እያሉ በፎቶግራፍ አስደግፎ መሰየም ይቻላል። ስሙን በኋላ ባለሙያ ሊያስተካክለው ይችላል።

ንጽጽሩ እውነተኛ እንዲሆን በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት ዛፍ፣ ተቀራራቢ ውፍረትና ቀጥ ያለ ግንድ መምረጥ ያስፈልጋል። የቆሰለ፣ የተቃጠለ ወይም ማስታወቂያ የተለጠፈበት ግንድ አይመረጥም። በአገራችን ከተሞች ለማሳመር ሲባል በኖራ የሚቀባ ግንድ በተለይ መተው አለበት፤ ኖራው ያለውን ላይከን ከመግደሉም በላይ የቅርፊቱን ጠባይ ይለውጠዋል። ከፍታውም መቀራረብ አለበት፤ በእንጦጦ ላይ ያለን ጽድ ከከተማዋ ደቡባዊ ዝቅተኛ ክፍል ካለው ጽድ ጋር ማነጻጸር የብክለትን ሳይሆን የከፍታንና የእርጥበትን ልዩነት ሊያሳይ ይችላል።

አንድ ጊዜ የተደረገ ቆጠራ የሚነግረው ጥቂት ነው። ዛፎቹ በቁጥር ተለይተው፣ ስፍራቸው በካርታ ላይ ሰፍሮ፣ ቆጠራው በየሦስት ወይም በየአምስት ዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ግንድና በዚያው ጎን ሲደገም ግን ለውጡ ይታያል። ናሙና መውሰድ ካስፈለገም ከጥፍር የማይበልጥ ቁራሽ በቂ ነው። በወረቀት ፖስታ ተይዞ ይደርቃል እንጂ በላስቲክ አይታሸግም፤ ይሻግታልና። በፖስታው ላይ ቀኑ፣ የዛፉ ቁጥርና የተወሰደበት ጎን በእርሳስ ይጻፋል።